የጊታር ድምፅ ከፍታ ለዋጭ መሣሪያና የአፈታተኑ ዘዴ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ በመጀመሪያ የሚናገረው ሻጩ ነው። ቀጥሎ የሚናገረው ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው መመሪያ መጽሐፍ ነው። በመጨረሻ የሚናገረው ግን መድረኩ ነው፤ የመድረኩም ፍርድ ይግባኝ የለውም። ድምፃዊው ዜማውን ጀምሮ፣ ሕዝቡም ጆሮውን ሰጥቶ ሳለ በጊታር ተጫዋቹ እግር ሥር ያለው ትንሽ ሣጥን የተዛባ ድምፅ ቢያወጣ አድማጩ የሚወቅሰው ሣጥኑን ሳይሆን ባለሙያውን ነው።

ዛሬ የሚነገርለት መሣሪያ ዲጂታል የጊታር ኢፌክት ፕሮሰሰር ሲሆን፣ ከሚሰጣቸው ብዙ አገልግሎቶች መካከል አንዱ፣ ማለትም ፒች ሺፍቲንግ የተባለው የድምፅን ከፍታ የመለወጥ ሥራ፣ የዚህ ንግግር ርእስ ነው። ይህ አገልግሎት የሚገባው ቃል ትልቅ ነው። አንዱን ጊታር ሁለት አስመስሎ ለማሰማት፣ ቤዝ ጊታር በሌለበት ወፍራሙን ድምፅ ለመተካት፣ ከዜማው ጎን ሌላ ዜማ ለማስኬድ፣ ድምፃዊው ሲደክመውም የጊታሩን ቅኝት በሙሉ ክሩን ሳይነኩ ዝቅ ለማድረግ እንደሚያስችል ይነገርለታል። ከዚህ ሁሉ የትኛው እውነት፣ የትኛው ከፊል እውነት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በፈተና ብቻ ነው። ፈተናው ደግሞ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በቅድሚያ የነገሩ መሠረት፣ ቀጥሎ መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ፣ ከዚያም የፈተናው ቅደም ተከተል ይቀርባል። በመጨረሻም በኢትዮጵያ ቅኝቶች ለሚጫወት ባለሙያ ተለይቶ የሚያስፈልገው ፈተና ይብራራል።

የነገሩ መሠረት

የአንድ ድምፅ ቅጥነት ወይም ውፍረት የሚወሰነው ድምፁን የሚያወጣው አካል በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ በመቁጠር ነው። ቁጥሩም በኸርዝ ይነገራል። በተለመደው አቃኛኘት የጊታር ወፍራሙ ስድስተኛ ክር 82.41፣ አምስተኛው 110፣ አራተኛው 146.83፣ ሦስተኛው 196፣ ሁለተኛው 246.94፣ ቀጭኑ አንደኛ ክር ደግሞ 329.63 ኸርዝ ነው። የአንድ ድምፅ ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። ኦክታቩም በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ሲከፈል እያንዳንዱ ከፊተኛው 1.0595 ጊዜ ያህል ይበልጣል። እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ ደግሞ ለትክክለኛ ልኬት ሲባል 100 ሴንት ተብሎ ተከፋፍሏል።

ከዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለውጡ በመደመር ሳይሆን በማባዛት የሚፈጸም መሆኑን ነው። አምስተኛው ክር ሲመታ 110 ብቻ አይሰማም፤ ከእርሱ በላይ 220፣ 330፣ 440 እያሉ የሚቀጥሉ አጃቢ ድምፆች አሉ። ሁሉም በ2 ቢባዙ 220፣ 440፣ 660 እያሉ የተስተካከለ ኦክታቭ ይሆናሉ። በሁሉም ላይ 110 ቢደመር ግን 220፣ 330፣ 440 ይሆናሉ። ይህም የ220 ቤተሰብ ሳይሆን ራሱ የ110 ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ከፍታን የሚለውጥ መሣሪያ በድምፁ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ መጠን ማባዛት ይኖርበታል።

ለዚህ ቀላሉ መንገድ ፍጥነትን መለወጥ ነው። በደቂቃ 33 ከሢሶ እንዲዞር የተቀረጸ ሸክላ በስሕተት በ45 ዙር ሲጫወት የሰማ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ድምፁ 1.35 ጊዜ ይቀጥናል፤ ይኸውም ከ5 ግማሽ ድምፅ ጥቂት ይበልጣል። ነገር ግን 4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ የሚፈጀው ዘፈን በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያልቃል። አሜሪካዊው ጊታሪስት ሌስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ላቨር በተባለው ቅጂ ጊታሩን በዝግታ ቀርጾ በማፍጠን ከሰው ጣት በላይ የሆነ ፍጥነትና ቅጥነት አስገኝቷል። ይህ ግን ለስቱዲዮ እንጂ ለመድረክ አይሆንም፤ በመድረክ ላይ የሚጫወት ሰው ጊዜውን ማሳጠርም ማስረዘምም አይችልምና።

ስለሆነም ጥያቄው «ጊዜው ሳይነካ ከፍታው ብቻ እንዴት ይለወጥ?» የሚል ሆነ። በሃንጋሪ ተወልደው በብሪታንያ ይሠሩ የነበሩት የፊዚክስ ሊቅ ዴኒስ ጋቦር እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ መገናኛ ንድፈ ሐሳብ ባሳተሙት ጽሑፍ ድምፅን በትናንሽ ቁራጮች ከፍሎ ስለማየት ጽፈዋል፤ በፊልም ላይ በተቀረጸ ድምፅም የከፍታ ለውጥን ሞክረዋል። በ1950ዎቹ ደግሞ የሚሽከረከር የማጫወቻ ራስ ባላቸው የቴፕ መሣሪያዎች ይኸው ሐሳብ በሥራ ላይ ዋለ። ዲጂታል የሆነው መሣሪያ በስቱዲዮዎች ውስጥ የታወቀው ኢቨንታይድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ኤች 910 ሃርሞናይዘርን ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ገዢ ሙዚቀኛ ሳይሆን አንድ የኒውዮርክ የቴሌቪዥን ጣቢያ መሆኑ ይነገራል። ጣቢያው የቆዩ የአስቂኝ ተውኔት ፊልሞችን ለማስታወቂያ ጊዜ ለማትረፍ ሲል ያፈጥን ስለነበር፣ የቀጠነውን የተዋንያን ድምፅ ወደ ቦታው ለመመለስ መሣሪያውን ተጠቀመበት። ፕሮዲውሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የዴቪድ ቦዊ ሎው በተሰኘው አልበም ላይ ይህንኑ መሣሪያ ለከበሮ ድምፅ አዋለው። በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትተው የዲጂቴክ ዋሚ ፔዳልም እ.ኤ.አ. በ1989 ተሠራ። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ዋጋው እየቀነሰ በብዙ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ገብቷል።

መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ

ፈታኙ የሚፈልገውን ስሕተት እንዲያውቅ ስሕተቱ የሚመነጭበትን ቦታ ማወቅ አለበት። የመጀመሪያውና በጣም የተለመደው መንገድ በአንድ ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። አንድ ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ እየጻፈ ሳለ ሌላ ሰው ከኋላው እየተከተለ ያነባል እንበል። አንባቢው በጸሐፊው ፍጥነት ካነበበ ችግር የለም። በእጥፍ ፍጥነት ካነበበ ግን ጸሐፊው ዘንድ ይደርስና የሚነበብ ያጣል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነበበውን መድገም ግድ ይሆንበታል። በግማሽ ፍጥነት ካነበበ ደግሞ እየራቀ ስለሚሄድ አንዳንድ መስመር እየዘለለ መቅረብ አለበት። በመሣሪያው ውስጥ ጸሐፊው የጊታሩን ድምፅ ወደ ማኅደረ ትውስታ የሚያስገባው ክፍል ሲሆን አንባቢው የሚያስወጣው ክፍል ነው። የንባቡ ፍጥነት ከፍታውን ይለውጣል፤ መድገሙና መዝለሉ ጊዜውን ይጠብቃል።

የዚህ ዘዴ ድካም ያለው በመዝለያው ቦታ ነው። የብራናው ቁራጭ 40 ሚሊሰከንድ ቢሆንና ድምፁ አንድ ኦክታቭ እንዲወጣ ቢታዘዝ አንባቢው በሰከንድ 25 ጊዜ መዝለል አለበት። አንድ ኦክታቭ እንዲወርድ ከታዘዘ 12 ጊዜ ተኩል ይዘላል። አንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከሆነ በሰከንድ 1 ጊዜ ተኩል ያህል፣ 10 ሴንት ብቻ ከሆነ ደግሞ በ7 ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ ይዘላል። ጥቂት ሴንት ብቻ የሚለውጠው አገልግሎት በርካሽ መሣሪያ ላይ እንኳ ያማረ ሆኖ የሚሰማው፣ ኦክታቩ ግን የሚንቀጠቀጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

መዝለሉ የማይሰማው የሚዘለለው ርዝመት ከሞገዱ ሙሉ ዑደቶች ጋር ሲገጥም ነው። የስድስተኛው ክር አንድ ዑደት 12.13 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ 36.4 ሚሊሰከንድ የዘለለ መሣሪያ ሦስት ሙሉ ዑደት ስለሚያልፍ ጫፍና ጫፉ ይገጣጠማል። የተሻሉት መሣሪያዎች ይህን ተመሳሳይ ቦታ ፈልገው ይዘላሉ። ነገር ግን ስድስት ክሮች በአንድነት ሲመቱ ስድስት ዓይነት ዑደት ስለሚኖር ለሁሉም የሚስማማ የመዝለያ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል። በነጠላ ድምፅ የሚያምር መሣሪያ በኮርድ ላይ የሚሰናከልበት ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፌዝ ቮኮደር የተባለው ነው። መሠረቱን ፍላናገንና ጎልደን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 አቅርበውታል። በዚህ ዘዴ ድምፁ በብዙ ጠባብ የድግግሞሽ ክፍሎች ተተንትኖ፣ እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ተለውጦ፣ እንደገና ይገነባል። ለኮርድ የተሻለ ተስፋ ቢሰጥም የራሱ ዋጋ አለው። በሰከንድ 48,000 ናሙና የሚወስድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ 2,048 ናሙናዎችን ቢመረምር የሚያየው ጊዜ 42.7 ሚሊሰከንድ፣ የሚለየው የድግግሞሽ ስፋት 23.4 ኸርዝ ይሆናል። በስድስተኛው ክር ላይ በባዶው ድምፅና በመጀመሪያው ቤት መካከል ያለው ልዩነት ግን 4.9 ኸርዝ ብቻ ነው። ይህን በደንብ ለመለየት ረጅም ጊዜ መመልከት ያስፈልጋል፤ ረጅም ጊዜ መመልከት ደግሞ መዘግየትን ያመጣል፣ የአመታቱንም ጥራት ያደበዝዛል። ጊዜንና ድግግሞሽን በአንድነት እስከ መጨረሻ አጥርቶ ማየት እንደማይቻል ጋቦር በ1946ቱ ጽሑፋቸው አሳይተዋል። ስለዚህ «አይዘገይም፣ አይዛባም፣ ኮርድም ይችላል» የሚል ማስታወቂያ ሲነበብ፣ ከሦስቱ በየትኛው ላይ ዝምታ እንደተመረጠ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የፈተናው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ዝግጅቱ ነው። የጊታሩ ክር አዲስ፣ አቃኛኘቱም የተስተካከለ መሆን ይገባዋል፤ በባዶው ክርና በ12ኛው ቤት መካከል ያለው ኦክታቭ ራሱ የተዛባ ከሆነ ሣጥኑን መውቀስ አይቻልም። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ሌሎች ኢፌክቶች፣ ማለትም ሪቨርብ፣ ዲሌይ፣ ዲስቶርሽን፣ ሁሉም መዘጋት አለባቸው። ሪቨርብ የብዙ ጉድለት ሸማ ነውና። የተለወጠው ድምፅ ብቻውን እንዲወጣ፣ የጊታሩ ጥሬ ድምፅ ከእርሱ ጋር እንዳይቀላቀል ይደረጋል። ከተቻለ አንድ ዓይነት አጭር ዜማ አስቀድሞ ተቀርጾ በሁሉም ማስተካከያ ላይ ያንኑ ዜማ ማሳለፍ ይመረጣል። የተጫዋቹ እጅ በየጊዜው ስለሚለያይ ንጽጽሩን ያበላሻልና።

አንደኛው ፈተና የትክክለኛነት ፈተና ነው። አምስተኛው ክር ባዶውን ይመታል፤ መሣሪያው በየተራ ይታዘዛል፤ ውጤቱ በቲዩነር ይነበባል። ኦክታቭ ሲወርድ 55፣ አንድ ግማሽ ድምፅ ሲወጣ 116.54፣ 5 ሲወጣ 146.83፣ 7 ሲወጣ 164.81፣ ኦክታቭ ሲወጣ 220 ኸርዝ መሆን አለበት። በ220 ኸርዝ ላይ የ5 ሴንት ስሕተት 0.64 ኸርዝ ያህል ነው። ይህ ብቻውን ሲሰማ ላይታወቅ ይችላል፤ ከሌላ መሣሪያ ጋር አንድ ላይ ሲያዝ ግን በየሰከንድ ተኩሉ አንድ ጊዜ የሚወዛወዝ ድምፅ ይፈጥራል። ስለዚህ የቁጥሩ ንባብ በጆሮም መረጋገጥ አለበት፤ ይኸውም የተለወጠው ድምፅ ከትክክለኛው ባዶ ክር ወይም ከኪቦርድ ድምፅ ጋር ተይዞ ውዝዋዜውን በመቁጠር ነው።

ሁለተኛው የመንቀጥቀጥ ፈተና ነው። አንድ ድምፅ ተመትቶ እስኪጠፋ ድረስ ይያዛል። በሚያዝበት ጊዜ የሚሰማው መርገብገብ በሰከንድ ስንት እንደሆነ ይቆጠራል ወይም ከቅጂው ይለካል። ይኸው በአንድ ግማሽ ድምፅ፣ በ5፣ በ7፣ በ12 ላይ ይደገማል። መርገብገቡ የለውጡ መጠን ሲጨምር አብሮ የሚፈጥን ከሆነ መሣሪያው በመዝለል ዘዴ እንደሚሠራ፣ መጋጠሚያውንም በሚገባ እንደማያለሰልስ ይታወቃል።

ሦስተኛው የመዘግየት ፈተና ነው። የጊታሩ ድምፅ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው በመሣሪያው በኩል ሁለት መስመር ወዳለው መቅረጫ ይገባል። ክሮቹ በእጅ ታፍነው በደረቁ ሲመቱ በሁለቱ መስመሮች ላይ በሚታዩት ምቶች መካከል ያለው ርቀት መዘግየቱ ነው። በ48,000 ናሙና 480 ናሙና ማለት 10 ሚሊሰከንድ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 10 ሚሊሰከንድ ተጫዋቹ ከድምፅ ማጉያው 3.4 ሜትር እንደ መራቁ ይቆጠራል፤ ይህ የሚቻል ነው። 40 ሚሊሰከንድ ግን 13.7 ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ርቀት ላይ ሆኖ ከከበሮ ጋር እኩል መምታት ያስቸግራል። በተለይ የሚጫወተውን ኖታ አስቀድሞ ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ ቢያንስ ጥቂት ዑደት መጠበቅ ስላለበት በወፍራም ክር ላይ ይበልጥ ይዘገያል። ሁለት ዑደት ለስድስተኛው ክር 24 ሚሊሰከንድ ሲሆን ለአንደኛው ክር 6 ብቻ ነው። ስለሆነም ፈተናው በእያንዳንዱ ክር ላይ ለየብቻ መደረግ አለበት።

አራተኛው የኮርድ ፈተና ነው። ከሁለት ድምፅ ተጀምሮ ወደ ሦስት፣ ከዚያም ወደ ስድስት ይኬዳል። በስንተኛው ድምፅ ላይ መደፍረስ እንደጀመረ ይመዘገባል። አምስተኛው የአመታት ፈተና ነው፤ በፍጥነት የተመቱ ኖታዎች አንዱ ምት ሁለት ሆኖ እንዳይሰማ፣ የመምቻውም ስለት እንዳይደበዝዝ ይመረመራል። ከዚህ ጋር የድምፁ ጠባይ ይታያል። ከፍታው ሲባዛ የጊታሩ አካል የሚሰጠው ቃናም አብሮ ስለሚባዛ ወደ ታች የወረደው ድምፅ የታፈነ፣ ወደ ላይ የወጣው ደግሞ ሕፃን መሳይ ሊሆን ይችላል። ኦክታቭ የወረደ ጊታር እንደ ቤዝ ጊታር የማይሰማበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስድስተኛው የቅደም ተከተል ፈተና ነው። ከፍታ ለዋጩ ከዲስቶርሽን በፊት ወይስ በኋላ ይሁን? ጥሬውና የተለወጠው ድምፅ ተቀላቅለው ወደ ዲስቶርሽን ከገቡ በመካከላቸው አዳዲስ ድምፆች ይወለዳሉ። ለምሳሌ 220 እና 330 ኸርዝ አንድ ላይ ሲገቡ ልዩነታቸው 110፣ ድምራቸውም 550 ሆነው ይወጣሉ። ይህ አንዳንድ ጊዜ ድምፁን ያደልበዋል፤ የተለወጠው ድምፅ ትንሽ የተዛባ ከሆነ ግን መዛባቱን አጉልቶ ያሰማል። ሁለቱንም አቀማመጥ ሞክሮ መመዝገብ ይገባል።

ሰባተኛው ጊታሩን በሙሉ ዝቅ የማድረግ ፈተና ነው። ካፖ የጊታርን ቅኝት ከፍ ማድረግ እንጂ ዝቅ ማድረግ አይችልም፤ ስለዚህ ድምፃዊው ዘፈኑን አንድ ወይም ሁለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ እንዲዘፍን ሲገደድ ይህ አገልግሎት ትልቅ እርዳታ ይመስላል። ነገር ግን በጸጥታ በሚደረግ ልምምድ ላይ የክሩ የራሱ ድምፅ በአየር በኩል ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ስለሚደርስ ሁለት የማይስማሙ ድምፆች በአንድነት ይሰማሉ። ስለዚህ ይህ ፈተና በክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን በመድረክ የድምፅ መጠንም መደረግ አለበት።

በመጨረሻ የጆሮ ፍርድ ይሰጣል። ቅጂዎቹ በእኩል የድምፅ መጠን ይዘጋጃሉ፤ ጥቂት ጎላ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ስለሚሰማ ይህ ቸል የሚባል አይደለም። አድማጮቹ የመሣሪያው ስምና ዋጋ አይነገራቸውም፤ ቅደም ተከተሉም ይቀያየራል። ፍርዳቸው በጽሑፍ ከተሰበሰበ በኋላ ብቻ ስሙ ይገለጻል።

ቅኝትና መሣሪያው

እስካሁን የተባለው ለማንኛውም ሀገር ጊታሪስት የሚሆን ነው። በኢትዮጵያ ቅኝቶች ለሚጫወት ባለሙያ ግን የቀረ አንድ ፈተና አለ፤ ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ ነው። ፕሮሰሰሮቹ ተጓዳኝ ዜማ የሚሠሩት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሁልጊዜ እኩል ርቀት መጨመር ነው። ሁለተኛው በፋብሪካ የተሰጠውን ስኬል፣ በአብዛኛው ሜጀርን ወይም ማይነርን፣ ተከትሎ ርቀቱን መለዋወጥ ነው።

ዶን መነሻ አድርገን ብንመለከት ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። መሣሪያው በሜጀር ስኬል ሦስተኛውን እንዲጨምር ቢታዘዝ ለዶ ሚን፣ ለሚ ሶልን፣ ለላ ዶን ይሰጣል፤ እነዚህ የቅኝቱ ልጆች ናቸው። ለሬ ግን ፋን፣ ለሶል ደግሞ ሲን ይሰጣል። ፋና ሲ በዚህ ቅኝት ውስጥ የሉም። መሣሪያው በራሱ ሕግ አልተሳሳተም፤ ቴክኒካዊ ፈተናዎቹን ሁሉ አልፎ ሊሆን ይችላል። ትዝታው ግን ትዝታ መሆኑ ቀርቷል።

እኩል ርቀት ቢጨመርስ? በ5 ግማሽ ድምፅ ከፍ ሲል ከትዝታ አምስት ድምፆች አንዱ ብቻ ከቅኝቱ ይወጣል፤ እርሱም ዶ ሲሆን ወደ ፋ ይሄዳል። በ7 ከፍ ሲልም አንዱ ብቻ፣ ማለትም ሚ ወደ ሲ ሄዶ፣ ይወጣል። በባቲ ሜጀር (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) በ5ም ሆነ በ7 ሁለት ድምፆች ይወጣሉ። በአምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) እንዲሁ ሁለት ይወጣሉ። በአንቺሆዬ (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ) ግን ከአምስቱ ሦስቱ ይወጣሉ። ይህን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። የማይወጣው ርቀት ኦክታቭ ብቻ ነው።

መፍትሔው ርቀቱን በቅኝቱ ደረጃ መቁጠር ነው። በትዝታ ሜጀር ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ድምፅ ዘሎ የሚገኘው ቢሰጠው ዶ ሚን፣ ሬ ሶልን፣ ሚ ላን፣ ሶል ዶን፣ ላ ሬን ያገኛል። ርቀታቸው በግማሽ ድምፅ 4፣ 5፣ 5፣ 5፣ 5 ነው። በባቲ ሜጀር በዚሁ አቆጣጠር 5፣ 3፣ 6፣ 5፣ 5፣ በአምባሰል 5፣ 6፣ 3፣ 5፣ 5፣ በአንቺሆዬ 5፣ 5፣ 4፣ 6፣ 4 ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ለሻጩ ሊያቀርበው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ኢፌክት አለው?» የሚል ሳይሆን «ተጠቃሚው የራሱን ስኬል ማስገባት ይችላል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ አዎን ከሆነ እነዚህ ቁጥሮች ይገባሉ፤ መልሱ አይደለም ከሆነ ተጓዳኝ ዜማው ለአንቺሆዬ እንደማያገለግል አስቀድሞ ታውቋል።

ከዚህም በላይ የዜማው አወራረድ አለ። በክራርና በማሲንቆ የሚሰማው ርቀት በፒያኖ ከተወሰኑት 12 እኩል ክፍሎች ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ድምፃዊውም በጉሮሮው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ጥሩ ጊታሪስትም ክሩን እየገፋ ይህን ይከተላል። እኩል ርቀት የሚጨምር መሣሪያ መንሸራተቱን እንዳለ ይከተላል። ስኬል የሚከተለው መሣሪያ ግን በየትኛው ድምፅ ላይ እንዳለ መወሰን ስላለበት በመካከል መንገድ ላይ በድንገት ሊዘል ይችላል። ስለዚህ የፈተናው ዜማ ቀጥ ያለ ስኬል ብቻ መሆን የለበትም፤ ክር የተገፋበት፣ ድምፁ የተርገበገበበት፣ በቀስታ የወረደ ሐረግ ሊኖርበት ይገባል።

ማጠቃለያ

ነገሩ የአንድ ሣጥን ነገር ብቻ እንዳይመስል ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የሙዚቃ ባህል ዜማው ዋና ነው፤ ማሲንቆው ከድምፃዊው ጋር ያንኑ ዜማ በመጠኑ እያዛነፈ ይሄዳል እንጂ በሦስተኛ ድምፅ አይከተለውም። በዜማው ላይ ሌላ ድምፅ መጨመር መብት ነው፤ በዘመናዊ ባንዶች ውስጥም ያማረ ሥራ ተሠርቶበታል። ነገር ግን ያ ጭማሪ የሙዚቀኛ ውሳኔ ነበር። አሁን ውሳኔው ሀገሩንም ቅኝቱንም በማያውቅ ፋብሪካ አስቀድሞ ተወስኖ በእግር መርገጫ ሥር ሲቀመጥ፣ ተጫዋቹ ሳይወስን የወሰነ ይሆናል። ጆሮውን በመማር ላይ ያለ ወጣት ፋና ሲ የተጨመሩበትን ትዝታ ደጋግሞ ከሰማ እነዚህ ድምፆች ከቅኝቱ ውስጥ እንዳሉ አድርጎ ሊይዛቸው ይችላል። ይህ በቲዩነር የማይነበብ ስሕተት ነው።

በሌላ በኩል መሣሪያውን መፍራትም ሆነ ማጥላላት አይገባም። በሚገባ የተፈተነ፣ ስኬሉም በባለቤቱ የተሞላ ፕሮሰሰር ለአንድ ተጫዋች ብዙ በር ይከፍታል። አሥር ሴንት ያህል ብቻ የተለየ፣ ጥቂትም የዘገየ ሁለተኛ ድምፅ ሁለት ሰዎች ያንኑ ዜማ አብረው እንደሚጫወቱት ያለ ስፋት ይሰጣል፤ ይህም ከቅኝቱ ጋር አይጣላም። ኦክታቩም እንዲሁ።

ከማኅበሩ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ፈተናዎች በአንድ ገጽ ቅጽ ተዘጋጅተው አባላት አዲስ መሣሪያ ባገኙ ቁጥር እንዲሞሉትና ውጤቱን ለባልደረቦቻቸው እንዲያካፍሉ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ በአራቱ ቅኝቶች የተዘጋጁ አጫጭር የፈተና ዜማዎች በጥሩ ተጫዋች ተቀርጸው ለሁሉም እንዲዳረሱ ነው። የፋብሪካው ማሳያ ዜማ መሣሪያው የሚችለውን እንጂ የማይችለውን አያሰማምና። ሦስተኛ፣ የአራቱ ቅኝቶች የርቀት ቁጥሮች ትክክለኛ ሠንጠረዥ ታትሞ ለአባላትና ለአስመጪዎች እንዲሰጥ ነው። አስመጪው በዚህ ሠንጠረዥ ለአምራቹ ሲጽፍ ጥያቄው የአንድ ደንበኛ ቅሬታ ሳይሆን የሙያው ድምፅ ይሆናል።

የዚህ ሁሉ ወጪ ጥቂት ወረቀት፣ አንድ መቅረጫና የጥቂት ሰዓታት ትዕግሥት ነው። ያለ ፈተና የተገዛ መሣሪያ ወጪ ግን ከኪስ ይጀምርና በመድረክ ላይ በሕዝብ ፊት ይከፈላል። ባለሙያ የሚባለውም በእግሩ ከረገጠው መሣሪያ ምን እንደሚወጣ ከመርገጡ በፊት የሚያውቅ ሰው ነው።